ከነሹሞቹ የተመለሰው ግድግዳ

ነበረ አሉ። የት ነበረ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ለኔ የነገሩኝም ሰዎች ሲጠየቁ ግራ ቀኙን አይተው "ሩቅ ነው" ነው ያሉኝ። እኛም ሩቅ ነው እንበል። ሩቅ የሆነ ነገር ለመሳቅ ይመቻል።

በዚያ በሩቁ አገር አንድ የቆየ ወግ ነበር። የአንድን ነገር ምስል የያዘ ሰው የነገሩም ባለቤት ነው። ጎረቤትህ በሬህን ስሎ ሥዕሉን ቤቱ ከሰቀለ በሬው የሱ ሆነ ማለት ነው። ከጥጃነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብትል፣ ምስክር ብትደረድር፣ በሬው ራሱ ድምፅህን ሰምቶ ቢመጣ እንኳ ዳኛው የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ "ሥዕሉስ?" ወጉን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሥዕል የሚወድ ንጉሥ ነው የሚሉ አሉ። በሬ ያልነበረው ሠዓሊ ነው የሚሉም አሉ።

ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ያለውን ነገር አይስልም ነበር። ሴቶች ቤታቸውን በቀይና በነጭ አፈር ሲያስጌጡ ክብና መስመር ብቻ ያሰልፋሉ፤ ክብና መስመር ማንም አይወስድባቸውም። ሠዓሊዎችም የሚስሉት የማንም ያልሆነ ነገር ነው። ባለሁለት ራስ ወፍ ይስላሉ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ ይስላሉ፣ ግብር ከፍሎ የተረፈው ገበሬ ይስላሉ። ልጁን የሚያስል ሰው ደግሞ ፈጽሞ የለም። ማን ደፍሮ።

ከሁሉ በላይ የተከለከለው ጫካውን መሳል ነበር። ጫካው የአገሩ ሁሉ ነውና የሳለውን እጁ ይድረቅ ብለው አባቶች ረግመዋል። ያልተሳለ አይሸጥም፣ ያልተሸጠም አይቆረጥም። እንዲህ ሆኖ ያ ጫካ አጥርም ዘበኛም ሳይኖረው ከዘመን ዘመን ቆሞ ይኖር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ነገሩ እንዳይጠፋችሁ። በዚያ አገር ወግም ይተኛል። የወግ ጠባቂ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ነቅተው የፈረዱት ፍርድ ነው፤ እሳቸው ተኝተው ሳለ የተሳለ ሥዕል ግን ሥዕል ብቻ ነው፣ የማንንም በሬ አይወስድም። ሹሞቹ ከወግ የሚወጣ ጉዳይ ሲኖራቸው ሽማግሌውን ቅቤ የጠጣ ገንፎ ያበሏቸውና ፍራሽ ያነጥፉላቸዋል። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰሙትን ይጠይቃሉ፣ ያዩትን ይፈርዳሉ። ገንፎ ይወዳሉ፣ ይኸው ነው።

ከጫካው አፋፍ አንጓች የምትባል ልጅ እግር እናት ትኖር ነበር። ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዷል፤ እሷ ከጡት ልጇ ከባንቺ ጋር ብቻዋን ናት። ከቤቷ በላይ፣ ጫካው ሊጀምር ሲል፣ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። ከዝግባው ሥር ምንጭ ይፈልቃል። የባንቺ እትብት የተቀበረውም እዚያው ነው። ባንቺ የወንዝ ውሃ የቀመሰች ጊዜ ሆዷ ተበጥብጦ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው፤ የመለሳት የዝግባው ውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ አንጓች ልጇ በተኛች ቁጥር ጣቷን ከአፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች፣ ትተነፍስ እንደሆነ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣም እንዲሁ ጣቷን ከምንጩ አፍ ላይ ታደርጋለች። ሁለቱም ሲተነፍሱ ካገኘቻቸው ቀኑ ደህና ዋለ። እናት የሆነች ታውቀዋለች፤ ያልሆነች ደግሞ "ምን እንዲህ ያስጨንቃታል" ትበል።

ነገሩ የመጣው በነጋድራስ ይርዳው ነው። ነጋድራስ ይርዳው የአገሩ መጋዝ ሁሉ የሳቸው ነው። ከጫካው የሚወስዱት በራሱ ጊዜ የወደቀ ዛፍ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ነው የሚባለው። የሚገርመው፣ እሳቸው መጋዝ ከገዙ ወዲህ ዛፎቹ በራሳቸው ጊዜ መውደቅ አበዙ፤ ሲወድቁም ግርጌያቸው ተላግ እንደወጣ ሳንቃ ልስልስ ያለ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። ቤተ መንግሥቱም ጩኸቱን ሰምቶ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ሹም ሾመ።

የተሾሙት ሰውዬ "የጫካው አባት" ተባሉ። ቅጠል ስለሚያስነጥሳቸው ጫካ ገብተው አያውቁም፤ ፍቅራቸውን ግን ቢሯቸው ውስጥ አረንጓዴ ምንጣፍ በማንጠፍ ገልጸዋል። ረዳታቸው የጭብጨባ አዛዡ ነው። በዚያ አገር ሰው ደስ ስላለው ብቻ አያጨበጭብም። አዛዡ ባንዲራውን ሲያነሳ ይጨበጨባል፣ ሲያወርድ ይቆማል።

የጫካው አባት ሕዝቡን ሰብስበው ነገሩን አስረዱ። ጫካው ዘበኛ ያስፈልገዋል፤ ዘበኛ ጫማ ያስፈልገዋል፤ ጫማ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ደግሞ እንዲሁ አይሰጡም፣ የሚገዙት ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሠዓሊው፣ ቀራጩ፣ ሸማኔው ሁሉ ጫካውን የሚያሳይ አንድ ሥራ በነጻ ይለግስ። የአባቶች እርግማን ለዚህ በጎ ዓላማ ሲባል ተነስቷል። ግልባጭ አንቀበልም፤ ኦርጅናሉ ይምጣ።

ባለሙያዎቹ አለቀሱ። ዕድሜያቸውን ባለሁለት ራስ ወፍ ሲስሉ የኖሩ ሰዎች ቅጠል ሳሉ ሲባሉ ምን ያድርጉ። ነጻነት መጣ ተባባሉ፣ ተቃቀፉ። አንዱ ከደስታው ብዛት ያንኑ ኮረብታ ሁለቴ ስሎ መጣ፤ አንዱን ተቀብለው ሌላውን ግልባጭ ነው ብለው ፊቱ ላይ ቀደዱበት፤ እሱም አመሰገነ።

አንድ ሽበታም ቀራጭ ብቻ ነበሩ፣ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ፣ እጃቸውን ያወጡ። ጫካውን ከማን ነው የምናድነው ብለው ጠየቁ። ከቆራጮች ነው ተባሉ። ሥራችንንስ ማን ይገዛዋል ቢሉ፣ ነጋድራስ ይርዳው ነዋ፣ ሌላ ማን ገንዘብ አለው ተባሉ። ጋሽ ተካልኝ ሌላ ጥያቄ ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የጭብጨባ አዛዡ ባንዲራውን አነሳ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከኋላ አንድ ሰው ደግሞ "ወጉስ?" ቢል፣ ሽማግሌው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተኛሉ፣ ሥዕሉ ይሸጣል፣ ጫካው ይቆማል ተባለ። ሁሉም ተረጋጋ። ሰው ጥያቄው መልስ ካገኘ ይረጋጋል፤ መልሱ ምን ይሁን ምን።

ከዚያ ከሴት ወገን አንድ ይጨመር፣ ያለ ሴት አይደምቅም ተባለና የጫካው አባት ከነአዛዡ አንጓች ቤት መጡ። የውጭ ግድግዳዋን፣ ክቡን መስመሩን፣ አዩ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ዝግባውን በጣታቸው አሳዩዋት፤ ያንን ግድግዳሽ ላይ ሳዪልን አሏት።

"ክቡርነትዎ፣ እኔ ክብና መስመር ብቻ ነው የማውቀው" አለች።

"ዛፍ ማለት መስመር ነው፣ ቅጠል ማለት ክብ ነው" አላት አዛዡ። "ምኑ ይከብዳል?"

"ወጉስ፣ ጌታዬ?"

"ይተኛል ተባለ አይደል።"

"ቢነቃስ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ አስተኝተሽ አታውቂም እንዴ?"

"አስተኝቼ አውቃለሁ" አለች አንጓች። "ለዚያ ነው የምጠይቀው።"

የጫካው አባት ይኼን እንዳልሰሙ ሆነው ሌላ ነገር አመጡ። ዛፉ ብቻውን ከቆመ ተመልካቹ ጠባቂ የለውም ይላልና እሳቸውም ሥዕሉ ውስጥ ይኑሩ። አዛዡም ጎኑን እየቧጨረ እኔስ አለ። እሱም ይኑር ተባለ። እምቢ ካልሽ፣ አሏት ሲወጡ፣ ጫካውን የማይወድ ሰው ከጫካው አፋፍ ምን ይሠራል፣ ቤትሽን ወዲያ ታደርጊዋለሽ።

አንጓች ባንቺን አዝላ ከጎረቤቷ ከእትዬ የውብዳር ዘንድ ሄደች። እትዬ የውብዳር እንስራ ሲሸከሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ባልቴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሳልሽው ዛፉ ሄደ፣ ካልሳልሽው ቤትሽ ሄደ፣ አሏት። ቤት ከሄደ ዛፉ ጋ ትተኛለሽ፤ ዛፉ ከሄደ ግን ውሃው አብሮት ይሄዳል። ልጅቷን ምን ልታጠጪ ነው?

አንጓች ልጇን እንዳዘለች ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱ የጫካው አባት እንዴት ሆኜ ልቁም ብለው ሲመጡ ቃል አወጣች። ክቡርነትዎ ጠባቂ ከሆኑ ዛፉን ይቀፉት አለች። እሳቸውም ደስ አላቸው፣ ቆንጆ ሐሳብ ነው አሉ። እስክትስላቸው ድረስ ግንዱን አቅፈው አስራ ምናምን ጊዜ አስነጠሱ። አዛዡም በዚያኛው በኩል አቀፈ። አንጓች በቀይ አፈርና በጥቀርሻ ግንዱን ሠራች፣ በነጭ አፈር ሁለቱን ሰዎች ሠራች፣ እጆቻቸውንም ግንዱ ላይ ጥምጥም አድርጋ ጣት ከጣት ቆላለፈችው። በመሐል ክር የሚያሳልፍ ቦታ አልተወችም።

"ምነው እንዲህ አጠበቅሽው?" አሏት እትዬ የውብዳር።

"ልጅ ይነጥቁኛል ብለው ሲፈሩ እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት፣ እትዬ?"

ሥዕሉ ሲደርቅ የነጋድራስ ሠራተኞች መጋዝ ይዘው መጡ። በሸራ ልገልብጥላችሁ ብትል ኦርጅናሉን ነው ያልነው አሉና ግድግዳውን ከነማገሩ ገዝግዘው በሸክም ወሰዱት። ቤቷ እንደ ጥርስ ወላቃ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰሌን ሰቀለችበትና ልጇን አዝላ ግድግዳዋን ተከትላ ሄደች። ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ አገር ነውር አልነበረም።

የሽያጩ ሜዳ በአዲስ ሳንቃ የተሠራ መድረክ ነበረው። ሳንቃው ከየት መጣ ያለ የለም። ከመድረኩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የወግ ጠባቂው ገንፏቸውን ጨርሰው፣ በጃንጥላ ጥላ ሥር፣ እያንኮራፉ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ ነጋድራስ ይርዳው ከነጓደኞቻቸው ተቀምጠዋል። ከበሩ ውጭ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ጥላ ይዘው ያርፋሉ። እነዚህስ ለምን መጡ ሲባል፣ ጥበብ ለማየት ነው ተባለ።

መጀመሪያ የቀረበው የጋሽ ተካልኝ ሥራ ነው፤ ከቀንድ የተቀረጸ የወይራ ደን። ቅጠሉ ሳይቀር ይታያል፤ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ነጋድራስ ይርዳው ገዙት። አዛዡ ባንዲራውን አነሳ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ በዚያ አገር ሲጨበጨብ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌውም ብድግ አሉ።

"ምስሉ የማን ነው?" አሉ ዓይናቸውን እያሹ።

"የነጋድራስ ይርዳው" አለ ሕዝቡ፣ የተጠየቀውን መመለስ ልማዱ ነውና።

"እንግዲያው ነገሩም የሳቸው ነው" አሉና ተመልሰው ተኙ።

መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ወይራው ሄዱ። ጥበቡን አይተው ጨርሰዋል።

ጋሽ ተካልኝ መድረኩ ጋ ሮጠው እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ ሰውዬው ይተኙ ብለው ለመኑ። አዛዡ ለጫካው የማያጨበጭብ የጫካው ጠላት ነው አለ። ማን ጠላት መሆን ይፈልጋል? ሁለተኛው ሥራ ሲሸጥ ይበልጥ ተጨበጨበ። ሽማግሌው ነቁ፣ ጠየቁ፣ ፈረዱ፣ ተኙ። እንዲህ እየሆነ ሽያጩ ለቀናት ቆየ። ቀርከሃው በሸማኔው ጥለት ሄደ። ኮረብታው በሠዓሊው ሸራ ሄደ፤ ደግነቱ ግልባጩን ቀደውበታል። ከጫካው በኩል የሚሰማውን ድምፅ አዛዡ የጭብጨባው ማሚቶ ነው አለ። ሥራችንን መልሱልን ያሉትን ባለሙያዎች የጫካው አባት በፍቅር ተቀብለው፣ የተለገሰ አይመለስም ብለው፣ ለእያንዳንዳቸው የእንጨት ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ሜዳሊያው ገና ሙጫው አልደረቀም፤ ደረታቸው ላይ ተጣበቀ።

አንጓች ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች፣ ጫካው ሲሳሳ ታያለች። በየመሐሉ ጣቷን ከባንቺ አፍንጫ ሥር ታደርጋለች። ምንጩ ጋ ግን እጇ አይደርስም።

ግድግዳው ከባድ ስለሆነ መጨረሻ ቀረበ። አቁመው የተሸፈነበትን ጨርቅ ሲገልጡለት የጭብጨባ አዛዡ ራሱን አየ። ራሱን አይቶ አያውቅም ነበርና፣ ያም ደግሞ ዛፍ አቅፎ፣ ሽያጩ ገና ሳይጀመር ባንዲራውን አነሳ። ሕዝቡ ጮቤ እየረገጠ አጨበጨበ። ሽማግሌው ተነስተው ተቀመጡ። ይኼኛው ጭብጨባ ረጅም ስለነበር እንቅልፋቸው ጨርሶ ጠፋ።

ነጋድራስ ይርዳው ጠጋ ብለው ሥዕሉን አዩ። ሳቅ አሉ።

"ዛፉን እገዛለሁ። ሰዎቹን ግን አልገዛም።"

"ለምን?" አሉ ሽማግሌው።

"ነጋዴ ነኝ፣ አባቴ። አንዴ በከፈልሁበት ዕቃ ላይ ሁለተኛ አልከፍልም።"

 ባንቺ ስትጠባ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ። የጫካው አባት ምንጣፍ ቢያገኙ ሥሩ በገቡ ነበር።

"ከፍለህባቸዋል?" አሉ ሽማግሌው።

"ገና ሲሾሙ ነው የጨረስሁት።"

"ሥዕላቸውስ?"

"ለነሱ ሥዕል አላስፈለገም ነበር።"

"ሥዕል ያልያዘ ባለቤት አይደለም" አሉ ሽማግሌው፤ እሳቸው የሚያውቁት ወግ ያንን ብቻ ነው። "አሁን ሥዕላቸው ወጥቷል። እንግዲያው ዛሬ ለሽያጭ ቀርበዋል።"

የጫካው አባት ተንደርድረው፣ አባቴ ጥቂት ገንፎ ይምጣልዎት አሉ። ጠግቤያለሁ አሉ ሽማግሌው። ነጋድራስ ይርዳውም ነገሩ እንዳይረዝም፣ ግድግዳውን ቁረጡት፣ ዛፉን ለኔ፣ ሰዎቹን ለናንተ አሉ። መጋዝ የያዙት ቀረቡ። መጋዙን ግንዱ ዳር ሲያደርጉት ሥዕሉ ላይ የተጋደመው የጫካው አባት ክንድ ነው፤ ወደ ላይ ቢያደርጉት የአዛዡ አንጓ ነው፤ ወደ ታች ቢያወርዱት ጣቶች ናቸው።

"በወጉ ሥዕሉ ማለት ሰውየው ነው" አሉ ጋሽ ተካልኝ ከወዲያ ሆነው፣ ቀስ ብለው። "እንደው ለማስታወስ ያህል ነው።"

የጫካው አባት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ደበቁ። አዛዡም ባንዲራውን ጥሎ ሁለት እጁን ከኋላው ቆለፈ። አይቆረጥም አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ ኦርጅናል እንዴት ይቆረጣል፣ ያገር ቅርስ አይደለም ወይ። ያን ቀን ለጥበብ የነበራቸው ክብር እንባ ያመጣል።

ይኼኔ እትዬ የውብዳር ከሴቶቹ መሐል በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የጆሮ ጉትቻቸውን ፈትተው በመዳፋቸው ይዘዋል።

"ሌላ ገዢ ከሌለ እኔ ልውሰዳቸው።"

"ምን ያደርጉልሻል?" አሏቸው ሽማግሌው።

"ውሃ ይቀዱልኛል። ጀርባዬ አልቋል።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን እነሱም ጆሯቸውን መዳበስ ጀመሩ። አንዷ እኔስ እንጨት ይፈልጡልኝ ነበር፣ ምን ያደርጋል እንጨቱ አልቋል አለች። የጫካው አባት በነጋድራስ መገዛት የለመዱት ነው፤ በባልቴት መገዛት ግን አስደነገጣቸው። ነጋድራስን በዓይን ለመኑ፤ ነጋድራስ ሰዓታቸውን አዩ። ሁለቴ የከፈለ ነጋዴ መባል ለሳቸው ከዝግባ ይበልጣል።

"ይህ ሥራ ለሽያጭ አይደለም" አሉ የጫካው አባት። "ከሽያጩ አውጥቼዋለሁ።"

"ያልተሸጠ ለሰጪው ይመለሳል" አሉ ሽማግሌው። "ምስሉ የማን ነው?"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ። አንጓች ተነሳች። ባንቺን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"የኔ ነው" አለች።

"እንግዲያው ነገሩም የሷ ነው።"

ተጨበጨበ። ባንዲራው መሬት ወድቆ ሳለ የተጨበጨበ የመጀመሪያው ጭብጨባ ያ ነው ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለቤተ መንግሥቱ ጫካው ሙሉ በሙሉ ድኗል ተብሎ ተነገረ፤ ውሸትም አይደለም። ጫካው በነጋድራስ ይርዳው ሳሎን ውስጥ በወርቅ ቀለም ክፈፍ ተከብሮ ቆሟል። ንፋስ አይነካውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቅጠሉ አይረግፍም፤ የጫካው አባት እንኳ ሳያስነጥሱ ሊጎበኙት ይችላሉ። ጫማውም ተገዝቷል። ዘበኞቹ ያንን ጫማ አድርገው የሳሎኑ በር ላይ ይቆማሉ። ውጭ የቀረው ያ አንድ ዝግባ ነው።

ግድግዳው ቤቱ ተመልሶ በጭቃ ተመረገ። ብዙም ሳይቆይ የጫካው አባት ለብቻቸው መጡ። ያን ቀን ልጄ አሏት።

"ልጄ፣ እባክሽ እኔን ፋቂኝ።"

"እንዴት አድርጌ፣ ክቡርነትዎ? ዛፉን አቅፈዋል። እርስዎን ስፍቅ ዛፉ ይላጣል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ይያዙታ" አለች አንጓች። "መቼም ከያዙት አይቀር።"

በወጉ የሷ ነበሩና እምቢ አላሉም። ነጋድራስ ይርዳው ወደ ዝግባው በኩል ሰው ሲልኩ፣ የጫካው አባት ከነአዛዣቸው ዛፉ ሥር ቆመው ይገኙ ነበር። በሹመት ዘመናቸው ጫካውን የጠበቁት ያን ሰሞን ብቻ ነው፤ እያስነጠሱ።

ከዚያ ክረምት ገባ። አንጓች ደመና ባየች ቁጥር ወደ ግድግዳዋ ትሮጥ ጀመር፤ ሥዕሉ ከታጠበ ዛፉስ? ሰሌኗን ግድግዳው ላይ ልትዘረጋ ብትሞክር ለዛፉም አልበቃ አላት። ስለዚህ ዝናቡ ባቆመ ቁጥር አፈሯን በጥብጣ ዛፉን ታድሳለች፤ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ግንዱ ላይ ያረፉትንም እጆች። የቀረውን ለዝናብ ተወችው። መጀመሪያ የታጠበው የሹሞቹ ጆሮ ነው፤ ድሮም አይሠራም ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎ አፋቸው ታጠበ፤ ያን ሰሞን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ንግግር አጥሮ ነበር አሉ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ጨርሰው ጠፉ። ወንበራቸው ላይ ሌሎች ተሾሙ። የአዲሶቹ የመጀመሪያ ትእዛዝ ማንም ሰው ሹም እንዳይስል የሚል ነበር።

ባንቺ አፍ ፈታች፣ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ቀን ግድግዳውን እያየች፣ "እማ፣ እጆቹ የማን ናቸው?" አለቻት።

"የማንም። ባለቤቶቹ ረስተዋቸው ሄዱ።"

"ታዲያ ዛፉን ማን ይዞታል?"

አንጓች ልጇን ይዛ ወደ ዝግባው ወጣች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ከምንጩ አፍ ላይ አደረገች። ቀጥኗል፤ ግን ይተነፍሳል።

"ነይ፣ አንቺ በዚያ በኩል ያዢ" አለቻት።

እናትና ልጅ ግንዱን ከሁለት ወገን አቀፉት። እጃቸው አልተገናኘም። አንጓች ወደ ታች ዞራ እትዬ የውብዳርን ጠራች።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ባልቴቷ ሽቅብ ሲወጡ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ቤታችሁ የምንጭ ውሃ ካለ ግን፣ ለልጅ የሚሆን፣ አንድ ጣሳ ስጡኝ።